የእሜቴ ማሞቂያ

ዳቦ ጋጋሪው የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን በኮሌታው ይዞ ለሁለተኛ ጊዜ ከሱቁ መደርደሪያ ጋር ሲያላትመው፣ ላይኛው ረድፍ ላይ የነበሩት አምፖሎች እየተንከባለሉ ወርደው ወለሉ ላይ ተሰባበሩ።

"ጠበስካት!" ይላል ጋጋሪው። "በቁሟ ጠበስካት እኮ! ሆዷ ተልጧል!"

"ማንን? ጋሼ፣ ማንን ነው የጠበስኩት?"

"እሜቴን!"

ሠፈሩ "ፊውዝ" እያለ የሚጠራው ይህ ቀጭን ሰው አንገቱ ታንቆ ባይሆን ኖሮ ይስቅ ነበር። እሜቴ ሰው አይደለችም። የጋጋሪው ልጅ የምታሳድጋት፣ ርዝመቷ ከሰው ቁመት የማያንስ መርዝ አልባ እባብ ናት። ልጅቷ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት የእንስሳት ክፍሉን ሲዘጋ እባቧን ሁሉም አልወስድም አለ፤ እሷ ወሰደቻት። የእባቧን ቤት የሚያሞቀው ዕቃ በቅርቡ ሲበላሽ ደግሞ መቆጣጠሪያውን አውጥቶ አዲስ የገጠመው ፊውዝ ነው።

"ጋሼ፣ እርስዎ መጀመሪያ ይልቀቁኝ፤ ከዚያ ቁጭ ብለን..."

ቡጢው አፉ ላይ አረፈ። ፊውዝ በተሰባበሩት አምፖሎች ላይ ቁጭ አለ፤ ምላሱን ድዱ ላይ አዞረና አንድ ጥርስ መዳፉ ላይ ተፋ። ጥርሱን አየው። ከጥርሱ ጋር አክብሮቱም አብሮ ወለቀ።

"አንተ ሽማግሌ!" ብሎ ከጠረጴዛው ሥር ፒንሳ አንስቶ ተነሳ።

ፒንሳው የጋጋሪውን ጆሮ ከላይ በኩል ቀደደው። ጋጋሪው አገሳና በጭንቅላቱ ገጨው፤ ሁለቱም ተያይዘው የሽቦ ጥቅል ላይ ወደቁ። ከጎን ያለችው ልብስ ሰፊ ጩኸቱን ሰምታ የእንጨት መለኪያዋን ይዛ ገባች፤ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ሳትጠይቅ ሁለቱንም እኩል ትገርፋቸው ጀመር።

"አታፍሩም? በጠራራ ፀሐይ? እንደ ውሻ?"

መለኪያው ጋጋሪው ጀርባ ላይ ተሰበረ። የሚገርመው፣ ከድብደባው ይልቅ ይህ አስደነገጣቸው። ሴትዮዋ የቀረውን ግማሽ ይዛ "በምን ልለካ ነው አሁን?" ስትል ሁለቱም እያለከለኩ አቀረቀሩ።

ጋጋሪው ክፉ ሰው አይደለም። እጁ ከአሳቡ የሚቀድም ሰው ነው፤ ለተመታው ሰው ግን ልዩነቱ አይታወቀውም። ከዓመታት በፊት የልጁን እጮኛ፣ ከእራት ገበታ ላይ በወጣች አንዲት ቃል ተነስቶ፣ መንጋጋውን ሰብሮታል። ሠርጉ ቀረ። ልጁም ልብሷን ሸክፋ ወጣች፤ ስልክ ሲደውል ድምፁን ሰምታ ትዘጋበት ነበር። የተመለሰችው እሱ ታሞ ሲተኛ ነው፤ ያውም ደጃፉ ላይ ቆማ ውል አስገብታው።

"አባዬ፣ እጅህ ዳግመኛ ሰው ላይ ካረፈ እሄዳለሁ፤" አለችው። "አልመለስም። ሞትክ ቢሉኝም አልመጣም።"

እናቷ ከሞተች ቆይታለች፤ ከእሷ ሌላ ልጅ የለውም። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል። እሱ ግን ያችኑ አንዲት ዓይኑን ይዞ ዛሬ አፈር ውስጥ ተንከባለለ። ልጁ ለሥልጠና ከሄደችበት ከተማ የምትመለሰውም ዛሬ ነው።

ስትሄድ እሜቴን ለእሱ ትታለት ነበር። ከታረቁ ወዲህ በእጁ ያስቀመጠችው የመጀመሪያ ነገር ናት። "አንዱ ጥግ ይሞቃል፣ ሌላው ጥግ ይቀዘቅዛል፤" ብላ አስረዳችው። "ሲበርዳት ወደዚያ፣ ሲሞቃት ወደዚህ ትሄዳለች። አንተ ውሃዋን ብቻ ቀይርላት። ማሞቂያውን እንዳትነካው፤ እሷ ሆዷ እየተቃጠለ እንኳ ላይታወቃት ይችላል።" እሱም እንደ ሕፃን ራሱን እየነቀነቀ ሰማት። ከዚያ መብራት ጠፍቶ በኃይል ሲመለስ መቆጣጠሪያው ተቃጠለ፤ ፊውዝ ተጠራ፤ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ውሃዋን ሊቀይር ሲከፍት የእሜቴን የሆድ ቆዳ ተልጦ አገኘው።

ፊውዝ ልብስ ሰፊዋ በሰጠችው ብጣሽ ጨርቅ አፉን ይዞ ተነሳ።

"መንገዱ ሙሉ ሰማህ፤" አለ። "'የፊውዝ ዕቃ ያቃጥላል' እያልክ ነው ከቤትህ እስከዚህ ድረስ የመጣኸው። ከዛሬ ወዲያ ማን ነው አንድ ሶኬት እንኳ የሚያስገጥመኝ? የእንጀራ ገመዴን ነው የበጠስከው! ና፣ እንሂድ። ገብተን እንየው። የኔ ሥራ ካቃጠላት ይህን ሱቅ በገዛ እጄ እዘጋዋለሁ።"

"ካልሆነስ?" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ካልሆነ እሱ እዚህ መሀል መንገድ ላይ ቆሞ ስሜን ይመልስልኛል።"

"የኔንም መለኪያ፤" አለች ስብራቱን ይዛ ወደ ሱቋ እየተመለሰች።

የእሜቴ ቤት ድሮ የዳቦ ማሳያ ሣጥን ነበር። ዳቦ ቤቱ አዲስ ሲገዛ ልጅቷ አሮጌውን ወስዳ፣ ስንጥቁን ደፍና፣ በተንሸራታቹ መስታወት ላይ መቆለፊያ አደረገችለት። በአንደኛው ጥግ ከወለሉ ሥር ማሞቂያ ንጣፍ አለ፤ በላዩ የሸክላ ንጣፍ ተደርቦበታል። ከሸክላው ላይ የተለጠፈች ሙቀት ለኪ በቀጭን ሽቦ ከውጭ ወዳለው መቆጣጠሪያ ትሄዳለች፤ ሙቀቱ ከተወሰነለት ሲያልፍ መቆጣጠሪያው ያጠፋል፣ ሲወርድ ያበራል። የሚወሰነው ደግሞ አንዲት ክብ ቁልፍ በማዞር ነው።

ሁለቱ ሲገቡ እሜቴ በቀዝቃዛው ጥግ የውሃ ሣህኗ ውስጥ ተጠቅልላ ነበር። ሣህኑ ስለማይበቃት ግማሽ አካሏ ከጠርዙ ውጭ ተንጠልጥሏል። ከሆዷ ሥር ቆዳው ተሸብሽቦ ተላቆ ሥጋዋ ይታያል፤ ውሃው ደም ቀላቅሏል። ፊውዝ ሲያያት የያዘው ንዴት ለአፍታ ተወው።

"ኧረ የኔ እናት..." አለ በተነፋ ከንፈሩ።

መስታወቱን ገፋ አድርጎ መዳፉን የሸክላው ንጣፍ ላይ አሳረፈ። ወዲያው ጮኾ እጁን ነጠቀ።

"እሳት ነው! እሳት እኮ ነው!"

ጋጋሪው በትከሻው ገፍቶት የራሱን መዳፍ ዘረጋ። አስቀመጠው። አላነሳውም።

"ምን እሳት አለው? ለብ ያለ ነው። ይኸው፣ ሰው ሲያየው በረደ! ሲያሻው ይነድዳል፣ ሲያሻው ይቀዘቅዛል። ዕቃህ ይሄ ነው!"

ፊውዝ የሚሾፍበት መሰለው። ሊመልስለት አፉን ሲከፍት ዓይኑ መቆጣጠሪያው ላይ ወደቀ፤ ጎንበስ ብሎ አየው።

"ይሄን ማን ነው ያዞረው?"

ጋጋሪው ፊቱን ወደ እሜቴ መለሰ።

"እኔ ያቆምኩት እዚህ ጋ ነው። ይኸው፣ በእርሳስ ምልክት አድርጌበታለሁ። አሁን መጨረሻው ላይ ደርሷል። ማን አዞረው?"

"እኔ ነኝ፤ በርዷታላ!" አለ ጋጋሪው። "እጄን ሳስቀምጥ ቀዝቃዛ ነው። ትንሽ ጨመርኩላት። በማግስቱም ቀዝቃዛ ነው፤ ደግሞ ጨመርኩ። መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ቴርሞሜትርም ቁጥሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ሄደህ እየው!"

"እሱ የሚለካው መስታወቱን ነው! እሷ መስታወቱ ላይ ነው እንዴ የምትተኛው?"

"አንተ መጀመሪያውኑ እንደ ሰው ብትገጥመው መች እነካው ነበር?"

ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይህ ነው። ጋጋሪው እየተናገረ ነገሩ እንደማያስኬድ ሳይታወቀው አልቀረም፤ ግን እንዲህ ባለ ሰዓት ለእሱ የሚናገርለት እጁ ነው። ጨበጠው። ፊውዝ ግን ይህችን ጭብጥ ዛሬ አንዴ ቀምሷታልና አልጠበቃትም፤ ዘሎ የጋጋሪውን የእጅ አንጓ በሁለት እጁ ያዘና ወደ ሣጥኑ ውስጥ ጎተተው። ጋጋሪው በሌላው እጁ ጎኑን ደለቀው፤ ሣጥኑ ተንገጫገጨ፣ አንደኛው መስታወት ተሰነጠቀ፣ እሜቴ ከሣህኗ ወጥታ ጥጉ ላይ እንደ ዱቄት ማጣሪያ "ሽሽሽ" አለች። ፊውዝ ግን አልለቀቀም። በሰውነቱ ክብደት ሁሉ ተጭኖ የጋጋሪውን መዳፍ ሸክላው ላይ ለጠፈው።

"ያዘው! ያዘው እስቲ ለብ ያለውን! ያዘው!"

እንዲጮኽለት ነበር የፈለገው። ጩኸቱን መስማት ለጥርሱ ካሳ ይሆነው ነበር። ጋጋሪው ግን አልጮኸም። መደብደቡን አቁሞ ፊውዝን ግራ በገባው ዓይን ያየው ጀመር።

"ምን እየሠራህ ነው?"

"አይሰማህም?"

"ምኑ?"

ፊውዝ እጁን ቀስ ብሎ ለቀቀው። ከኪሱ ለሥራ የሚይዘውን ባለ ሽቦ ቴርሞሜትር አውጥቶ ጫፉን ሸክላው ላይ አሳረፈ። ቁጥሩ ሠላሳን አለፈ፣ አርባን አለፈ፣ ስድሳ ጥግ ደርሶ ቆመ። ለእሜቴ የሚስማማት የዚህ ግማሽ፣ ቢበዛ ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ነው።

"መሣሪያህም እንዳንተ ውሸታም ነው፤" አለ ጋጋሪው፤ ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

"ዓይንህን ጨፍን።"

"ለምን?"

"ጨፍን አልኩህ!"

ለምን እንደታዘዘው ራሱም አያውቅም፤ ጨፈነ። ፊውዝ መዳፉን ገልብጦ ያዘና ክብሪት ጭሮ ነበልባሉን ከሥሩ አስጠጋው። ጋጋሪው ቆሞ ጠበቀ። ምንም የመጣ ነገር የለም። ኋላ አፍንጫውን አንድ ነገር ነካው።

"ምን ይሸታል?" አለ።

"አንተ፤" አለው ፊውዝ።

ጋጋሪው ዓይኑን ገልጦ መዳፉን አየ። በዚህ መዳፍ ነው ከወጣትነቱ ጀምሮ የጋለ የዳቦ ላታ ያለ ጨርቅ ከምድጃ እያወጣ ሰው ሲያስደንቅ የኖረው። አዲስ የሚቀጠሩ ሠራተኞች ሁሉ መጀመሪያ የሚያዩት ይህን ነው፤ "ብረቱ" የሚል ስም ያወጡለትም ለዚሁ ነው፣ እሱም ስሙን ይወደው ነበር። ቆዳው እየደነደነ፣ እየደነደነ ሄዶ አንድ ቀን መስማት አቁሟል። መቼ እንዳቆመ አላወቀም። እነዚህ እጆች ቅድም የፊውዝን ጥርስ ሲያወልቁም ብዙ የተሰማቸው ነገር አልነበረም። ይህ ሲገባው አፈረ፤ በሽምግልናው፣ ነድዶ ያለቀ ክብሪት በያዘ ሰው ፊት፣ አንገቱ ድረስ ሞቀው።

"በእኔ እጅ ነው እንግዲህ፤" አለ።

"በአንተ እጅ ነው።"

ሌላ ስድብ የጠበቀ ካለ አልመጣም። ፊውዝ ሶኬቱን ነቀለ። "አሁን እሷን ከዚህ ማውጣት አለብን፤ ሸክላው ይቀዝቅዝ፣ ይጠረግ፣ ከዚያ ከዜሮ እንነሳለን።" ጋጋሪው የልብስ ማጠቢያ ገንዳ አምጥቶ እርጥብ ፎጣ አነጠፈበት። እጁን ከእሜቴ ወገብ ሥር አስገብቶ በቀስታ ሲያነሳት ቁስሉን ነካባት፤ እንደ ተወረወረ ገመድ ተስፈንጥራ ክንዱን፣ ከአንጓው በላይ ያለውን ለስላሳ ሥጋ፣ ነከሰችው።

እዚያ ላይ ይሰማዋል። "ዋ...!" ብሎ ቤቱን አናወጠው። እሜቴ ጥርሷን እንደሰካች አካሏን ክንዱ ላይ ጠምጥማ ታጠብቀው ጀመር። ደሙ በክርኑ ላይ ወርዶ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ሌላኛው እጁ፣ ማንም ሳያዘው፣ ተጨብጦ ከራሷ በላይ ተሰነዘረ።

"እንዳትጎትታት!" ጮኸ ፊውዝ። "ጥርሷ ወደ ኋላ የታጠፈ ነው፤ ሥጋህን ይዛ ነው የምትወጣው! እንዳትመታት! ጋሼ!"

ጭብጡ አየር ላይ ቀረ። ከሥሩ ያለችው ጭንቅላት አንድ ምት አትችልም፤ ያውቃል። የተቃጠለችው በእሱ ነው፣ የነከሰችው ስላመማት ነው፤ ይህንንም ያውቃል። በዕድሜው ሙሉ ግን እንዲህ ተነስታ ሳታርፍ የተመለሰች እጅ አልነበረችውም፤ እንዴት እንደምትወርድ መንገዱ ጠፋው። ክንዱ እስኪዝል ድረስ እጁን አየር ላይ ይዞ ቆየ። ቀስ እያለ ጣቶቹን አንድ ባንድ ፈታ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፣ የተነከሰውን ክንዱን ጭኑ ላይ አሳርፎ ጠበቃት።

"በይ፣ በይ እሜቴ፤" አለ ጥርሱን ነክሶ። "ይገባኛል። በይ።"

ኋላ ራሷ ለቀቀችው። ፎጣው ላይ አስተኛት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ፊውዝ ሸክላውን ጠራረገ፤ ለኪዋን የእሜቴ ሰውነት ሊነቅላት በማይችልበት ቦታ በአዲስ ፕላስተር ለጠፈ፤ ቁልፉን ወደ እርሳስ ምልክቱ መልሶ ሶኬቱን ሰካ። ሙቀቱ ወጣ፤ መቆጣጠሪያው "ጧ" ብሎ አጠፋ፤ ወረደ፤ "ጧ" ብሎ አበራ። ቴርሞሜትሩ ቢነበብም ጋጋሪው በራሱ ካላወቀ አላምን አለ።

"በመዳፍህ አይሆንም፤" አለው ፊውዝ። "በክርንህ በውስጠኛው በኩል ሞክረው። እናቶች የሕፃን ውሃ እንደሚለኩት።"

ጋጋሪው ጎንበስ ብሎ ያልተነከሰውን ክንዱን አሳረፈ። ሚስቱ ልጃቸውን ስታጥብ እንዲህ ስታደርግ ቆሞ ያያት ነበር፤ እሱን ግን ለክተህ ስጠኝ ብላው አታውቅም። ከሸክላው ደግ የሆነ ሙቀት ወደ ሥጋው ገባ።

"ይሄ ነው?"

"ይሄ ነው። ከጅምሩም ይሄ ነበር።"

ፊውዝ ከቧንቧው አፉን ተጉመጥምጦ ቀይ ውሃ ተፋና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ስማ። ልጅህ ስትገባ ምን ልትላት ነው?"

ጋጋሪው የክንዱን ደም በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።

"ምን እንዳለችህ ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የመንጋጋውን ጊዜ። እኔ ከመሰላል ወደቅኩ እላለሁ። ዕቃው ደግሞ ከፋብሪካው ሲመጣ ችግር ነበረበት እንበል፤ ፋብሪካ ቢሰደብ አያለቅስም። አንተ በፋንታው ነገ መንገድ ላይ ወጥተህ 'ፊውዝን በድዬዋለሁ፣ ሥራው ንጹሕ ነው' ትላለህ። ጥርሴንም ታስተክላለህ።"

"ለምን?"

"ምን ለምን አለው? ጥርስ ነዋ!"

"አይ... ለምን ትዋሽልኛለህ?"

"ላንተ መሰለህ? ዳቦ የምገዛው ካንተ ነው። ዕድሜ ልኬን ወደ ኋላ እየተገላመጥኩ ዳቦ መግዛት አልፈልግም።"

"የጆሮዬስ ነገር?"

"ጆሮህንም እሜቴ ነከሰችህ።"

"ክንዴን ይዛ? ምን ሆና ነው እንዲህ የዞረችው?"

ፊውዝ ሳቀ፤ ሳቁ ከንፈሩን ቀደደውና "ወይኔ" አለ። ጋጋሪውም ሊስቅ ነበር፤ በሩ ተከፈተ።

ልጅቷ ደጃፉ ላይ ቆመች። ከባዱ ቦርሳ ትከሻዋ ላይ ነው። የተሰነጠቀውን መስታወት አየች፣ የፊውዝን አፍ አየች፣ የአባቷን ጆሮና ክንድ አየች። ቀጥታ ወደ ገንዳው ሄዳ ተንበረከከች፤ ቦርሳው ወደ ጎን ተንሸራተተ፣ በትከሻዋ መልሳ አቆመችው። የእሜቴን ሆድ በጣቷ ጫፍ ገለጥ አድርጋ ተመለከተች።

"ማን ነው?" አለች ሳትዞር።

"ዕቃው ነው፤" አለ ፊውዝ ፈጠን ብሎ። "ከፋብሪካው ችግር ነበረበት። አሁን ቀይሬ አስተካክዬዋለሁ፣ ይኸው ቁጥሩ። ሐኪም ጋ ከወሰድሻት ትድናለች። አባትሽ ሲያወጣት ነከሰችው፤ መስታወቱም ያን ጊዜ ነው የተሰነጠቀው።"

"ጆሮውንም?"

"ጆሮውንም።"

"አንተስ?"

"እኔ... እኔማ ጠዋት ከመሰላል ወደቅኩ። መሰላሉ አሮጌ ነው።"

ተነስታ ፊውዝን ትክ ብላ አየችው፤ ከዚያ አባቷን። ጋጋሪው ፊቷን ያውቀዋል። ማመን ፈልጋለች። ደክሟታል፣ መንገድ መትቷታል፣ ቤቷ መግባት ፈልጋለች፤ ይህን የመሰላል ወሬ ቢሰጧት ተቀብላ፣ ሁለተኛ ሳትጠይቅ፣ እንዲሁ አብራው ልትኖር ተዘጋጅታለች። ይህን ሲያይ ደስ ሊለው ሲገባ ከበደው።

"እግዜር ይማርህ፤" አለች ለፊውዝ፤ ትንፋሿን ለቅቃ ቦርሳዋን ልታወርድ እጇን ወደ ማንገቻው ሰደደች።

ቦርሳው ወለሉን እስኪነካ መጠበቅ ብቻ ነበር የሚፈለግበት።

"ከመሰላል አልወደቀም፤" አለ ጋጋሪው። "ጥርሱን ያወለቅኩት እኔ ነኝ። እሷንም ያቃጠልኳት እኔ ነኝ።"

እጇ ማንገቻው ላይ እንዳለ ቆመ።